በስንት ትራስ አደርሽ?

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ይቸግረኛል። "ሆስፒታል ነው የምሠራው" ስል ሁሉም "ነርስ ነሽ?" ይለኛል። ነበርኩ። አሁን ግን የበሽተኛ እጅ እንኳ ሳልነካ ነው የምውለው። እዚህ ሰው አገር፣ ሴንት ፖል በምትባል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጬ ሐኪሞች ስለተኙ ሕመምተኞች የጻፉትን አነባለሁ። አንብቤ ስጨርስ እነዘንዛቸዋለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ የጻፈውን ሁሉ ሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች ወደ ኮድ ይለውጡታል፤ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቁጥር አለው። እነዚህ ሰዎች መገመት አይፈቀድላቸውም። ሐኪሙ "ልቡ ደከም ብሏል" ብሎ ከተወው፣ የቆየ ድካም ይሁን አዲስ፣ ሲገባ አብሮት የመጣ ይሁን እዚሁ የጀመረው፣ እነሱ ከየት ያመጡታል? እንዲያ ሲሆን ሰውየው በጽሑፍ ሲታይ ከሕመሙ የቀለለ ሰው ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ደግሞ ያንን የቀለለውን ሰው ነው የሚያክመው። ስለዚህ ሰውየው ከአልጋው ሳይነሳ እኔ ለሐኪሙ ጥያቄ እልካለሁ። አገር ቤት "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል ስለ ርስት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለኩላሊትም ይሠራል።

ጥያቄው ግን ሕግ አለው። መልስ ማጉረስ ክልክል ነው። "ሴትየዋ ኩላሊቷ ተጎድቷል አይደል?" ብዬ መጻፍ አልችልም። "የደም ምርመራው ይህን ያሳያል፣ ሽንቷ እንዲህ ቀንሷል፤ እርስዎ ምን ይሉታል?" ብዬ ዝም እላለሁ። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት እንደኔ ላለ ቁጡ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው። ጭራሽ አመል ሆኖብኝ ቤትም ይዤው ገባሁ። ልጄ ደውላ ደክሞኛል ካለችኝ "ከመቼ ጀምሮ? ስታርፊ ይሻልሻል ወይስ ያው ነው?" እላታለሁ። እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና እንግሊዝኛ ቀላቅላ "ማም፣ ቻርት አታድርጊኝ" ትለኛለች፤ የበሽተኛ መዝገብ አይደለሁም ማለቷ ነው፤ ከአማርኛዋ የቀራት "አታድርጊኝ" ብቻ ነው።

ከሐኪሞቹ ሁሉ ያስቸገሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጽሑፋቸው ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ተሽሏቸዋል። ይቀጥል።" ምኑ ነው የተሻለው? ምኑ ነው የሚቀጥለው? "የሳንባ ምች በሽታው ከየትኛው ዓይነት ነው፣ ይህኛው ወይስ ያኛው?" ብዬ ስጽፍላቸው "አዎ" ብለው ይመልሱልኛል። ለዓመታት እንዲህ ስንነታረክ መልካቸውን እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ግን እወዳቸው ነበር። በፈረንጅ ገና ሰሞን ለክፍላችን ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ይልካሉ፤ ክዳኑ ላይ "ለሚነዘንዙኝ" ተብሎ ተጽፎ። እኔም ብስኩቱን እየበላሁ ሌላ ጥያቄ እልክላቸዋለሁ።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። እናቴ ቀድማ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ረጅም ሕንጻ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን ማለት ግን እንደው ለአነጋገር ነው። ግድግዳ የምትጋራት ከሐረርጌ የመጣች ኦሮሞ እስላም ጎረቤት አለቻት፤ ሁለቱ እህትማማች ናቸው ቢባል የሚከራከር የለም። ጎረቤቷ ረመዳንን ስትጾም አክስቴ የማፍጠሪያዋን ሰዓት ትጠብቅላታለች፤ አክስቴ ስትጾም ደግሞ ያቺ ሥጋ የነካ ድስት ወደዚህ ቤት አታሳልፍም። በረዶው ከቤት አላስወጣ ሲላቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው በኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ ጎረቤቷ "ስፖርት ነው" ትላለች። አክስቴ የቤቷን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው። በዚህች ምድር ላይ ከዚያ ቁልፍ በላይ የምትሳሳለት ዕቃ የላትም።

እኔ ከእሷ ራቅ ብዬ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ ነው ያለሁት። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጄም ለሥራ ሌላ ስቴት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ፎቅ መውጣት እንዳይቸግራት ብዬ የታችኛውን ክፍል ለአክስቴ አሰናድቼ፣ የምትወደውን ዓይነት መጋረጃ ሰቅዬ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ እላት ነበር። "እኔ የራሴ በር ያለኝ ሴት ነኝ" ትለኛለች። አንዳንዴም "እንግዳ ሆኜ ከማረጅ ባለቤት ሆኜ ልሙት" ብላ ነገሩን ትቆርጠዋለች።

ያለፈው ዓመት እኔና ልጄ አዋጥተን ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ኋላ የሚንጋለል ትልቅ ወንበር ገዛንላት። እንዴት እንደወደደችው! ቀን እሱ ላይ፣ ማታ እሱ ላይ። አልጋዋ እንደተነጠፈ መክረም ጀመረ። ቴሌቪዥን ሳይ እንቅልፍ ይወስደኛል ትለናለች፤ እኛም "እቴቴ ወንበር አገባች" እያልን ስንስቅባት ከረምን። ስጦታችን እንዲህ ስለተወደደልን ኩራታችንም ለጉድ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰሞን፣ ጎረቤቷ ደወለችልኝ። "ቶሎ ነይ፣ ሳሏ ግድግዳ አልፎ እኔን ቀሰቀሰኝ" አለች። ስደርስ አክስቴ እንደ እሳት ትፋጃለች። እዚያው እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኛች። ሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መድኃኒቱም ቶሎ ያዘላትና ትኩሳቱ ለቀቃት። የሚከታተሏት ሐኪም ማን እንደሆኑ ስጠይቅ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። አይ ጉድ! አልኩ በሆዴ፤ "ተሽሏቸዋል፣ ይቀጥል" ሊጻፍባት ነው።

ቻርቷን ከፍቼ ማየት አልችልም። ኮምፒውተሩ ማን የማንን እንደከፈተ ይመዘግባል፤ ያለ ሥራ ጉዳይ የዘመድ ቻርት መክፈት ከእንጀራ ያስወጣል። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳንባና ልብ ሳገላብጥ እውላለሁ፣ ያሳደገችኝ ሴት ግን ከራሴ ላይ ባለው ፎቅ ተኝታ ምን እንደተጻፈላት አላውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኛ ባጄን ኪሴ ከትቼ፣ እንደ ማንኛውም ዘመድ ሾርባ ይዤ በሊፍት እወጣለሁ።

አክስቴ የሆስፒታሉን አልጋ አወድሳ አልጠግብ አለች። ራስጌው በቁልፍ ከፍ ይላል፣ ግርጌው በቁልፍ ይነሳል። "ይህማ የነገሥታት አልጋ ነው፤ እንቅልፌን ድብን አድርጌ ነው የምተኛው" ትለኛለች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ ረዳት ነርሷ አንሶላ ልትቀይር መጥታ አልጋውን ለጥ አድርጋ ዝቅ አደረገችው። የአክስቴ እጅ ወዲያው ወደ አልጋው ማንሻ ቁልፍ ሄደ። ልጅቷ አንሶላውን ገና ሳትጨርስ ራስጌው ከፍ አለ። "ዩ ኦኬ?" አለቻት። አክስቴ ደረቷን በእጇ ይዛ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ጥርሷን አሳይታ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቴንክ ዩ" አለች።

አየሁ። ግን ምን እንዳየሁ ለራሴም ገና አልገባኝም ነበር።

ሐኪሙ የመጡት ያኔ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ካልሲያቸው ሁለት ዓይነት የሆነ ሰው። ባለ ጎማ ማቆሚያ ላይ የተሰካ ታብሌት እየገፉ ገቡ፤ ታብሌቱ ላይ አስተርጓሚው አለ፣ ከሌላ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት አበሻ። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ። እዚህ የሚነገረውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር እተረጉማለሁ" አለ እንደ ደንቡ።

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንተ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? በረዶው እንዴት አድርጓችኋል?" አለች አክስቴ።

ልጁ ተረጎመ። ሐኪሙ ለእሳቸው መስሏቸው ቤተሰባቸው ደህና እንደሆነ፣ የግቢያቸውን በረዶ ሲዝቁ ግን ወገባቸውን እንደያዛቸው ነገሯት። አክስቴ ከልቧ አዘነችላቸው። ከንፈሯን መጠጠችና ወገብ ቅቤ እንደሚወድ አስተረጎመችላቸው። እኔ ሳቄን ለመያዝ ሾርባውን ማማሰል ያዝኩ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ትንፋሽ ያጥርዎታል? "ኧረ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁን።" እንቅልፍስ? "ድብን ብዬ!" ሲራመዱስ? "ምን ሆኜ ልቸገር!" ሐኪሙ ፈገግ አሉ። ጥሩ ነው፣ ነገ ቤትዎ ይገባሉ አሉ። የአክስቴ እጅ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ፈልጎ ያዘው።

የእኛ ሰው ደህና ነኝ ሲል መልስ መስጠቱ አይደለም። መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ሕመሙ የሚወጣው ሦስተኛው አራተኛው "እንዴት ነሽ" ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሚጠይቁት አንዴ ነው። እጃቸው ወደ ኪቦርዱ ሲሄድ የሚጽፉት ታየኝ፦ "ተሽሏቸዋል። ነገ ይውጡ።"

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቃት?" አልኩ። ጠይቂ አሉኝ።

"እቴቴ፣ ቤት ስትሆኚ ሌሊቱን እንዴት ነው የምታሳልፊው? እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

"ወንበሬ ላይ ነዋ! አታውቂም?"

"ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላስ?"

የብርድ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ያዘች። ቀጥዬ "አልጋ ላይ ስትተኚ ያፍንሻል?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩና ጠበቅኩ። ሐኪሙ ቀና ብለው አዩኝ። አክስቴ ወደ ታብሌቱ ዘንበል አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልጄ፣ ይህን አትተርጉመው" አለች።

"ልጄ፣ ይህን አትተርጉመው ይላሉ" አለ ልጁ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ "ይቅርታ እማማ፣ ሁሉንም መተርጎም ግዴታዬ ነው" ጨመረላት።

"ውይ! እናት የለህም?" አለችው። ይህንንም ተረጎመው።

ሐኪሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሰውየው በቁማቸው ጠይቀው በቁማቸው የሚሄዱ ዓይነት ስለነበሩ መቀመጣቸው ገረመኝ። "እንዲነገረኝ ያልፈለጉት ምን ነበር?" አሉ።

አክስቴ እኔን አየችኝ። ሕፃን ሆኜ ቁስሌን ስደብቅ የምትለኝን አባባል አሁን እኔው መለስኩላት። "እቴቴ፣ 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም' ስትይኝ አልነበር?"

"እሱ ለልጅ ነው" አለች ተቆጥታ። ግን ተናገረች። አልጋ ላይ ጋደም ስትል ትንፋሿ ይቆረጣል። አንድ ነገር ደረቷ ላይ የተቀመጠባት ይመስላታል። ወንበሩ ሳይመጣ በፊት በትራስ ላይ ትራስ እየደራረበች ነበር የምትተኛው፤ በኋላ ትራሱም አልበቃ አለ። ለቴሌቪዥኑ ብላ አይደለም ወንበሩን የወደደችው። ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቷ "ስፖርት" እያለች ስትጎትታት እሷ በየመሐሉ ቆማ የነጠላ ጥለት የምታስተካክል የምትመስለው ለመተንፈስ ነበር። ስትጨርስ ዕንባዋ መጣ። "አሁን ይህን ከሰማ ወደ ቤቴ አይመልሰኝም" አለች። ይህም ተተረጎመ።

እኔና ልጄ ያንን ወንበር ገዝተን መሳቃችን ቆጨኝ። እጇን ይዤ ሳምኩት።

ሐኪሙ አልጋውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት፤ አክስቴ ስትታፈን ወዲያው መለሱት። ካልሲዋን አውልቀው እግሯን ጫን አድርገው ሲነኩት እብጠቱ ላይ የጣታቸው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ልቧን በአልትራሳውንድ እንዲያዩላት አዘዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እንዲህ ያለ አጠያየቅ የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው" አሉኝ። ባጄን ከኪሴ አወጣሁ። አነበቡት፣ አዩኝ፣ "አዎ" አሉ። ያቺው "አዎ" ናት፤ ፊት ለፊት ስሰማት ግን አላናደደችኝም።

ቀጥሎ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ከበደኝ። "ከሆስፒታል ሲወጡ አብረው የሚኖሩት ሰው አላቸው?" አሉ። መጋረጃው ታየኝ። የታችኛው ክፍል፣ ጠዋት ጠዋት አብሬያት ሻይ የምጠጣበት ጠረጴዛ ታየኝ፤ ወደ ሥራ ስወጣ "ሹራብ ደርቢ" የሚለኝ ድምጽ ተሰማኝ። አንድ ቃል ብናገር ያልቃል። "አዎ፣ እኔ ጋ" ብል ሐኪሙ ይጽፉታል፤ የተጻፈም ይሆናል። ፈልጌው ነበር፣ አልዋሽም፣ በጣም ፈልጌው ነበር።

"እሷን ይጠይቋት" አልኩ።

ጠየቋት። አክስቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ አሳየቻቸው።

"የማላውቀውን በሽታ ይዘው ቤትዎ ቢገቡ በሳምንቱ ይመለሱልኝ ነበር" አሏት ሐኪሙ። "አሁን ግን የማውቀውን ነው ይዘው የሚገቡት። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ነርስም ቤትዎ ድረስ እየመጣች ታይዎታለች። ነርሷን ለመላክ ግን እውነቱ መጻፍ አለበት።" አክስቴ ወደ ታብሌቱ ዞራ "ይህንን ደግመህ ተርጉመው" አለች።

በማግስቱ የልቧ ምርመራ መልስ መጣ። ሐኪሙ አክስቴን አስፈቅደው፣ እኔ ባለሁበት፣ ጽሑፉን በድምፅ ለስልካቸው ተናገሩ። የልብ ድካም፤ ዓይነቱን ጠቀሱ። ቆየት ያለ፣ አሁን ግን የባሰ። ሆስፒታል ሲገቡ አብሮ የነበረ። ጋደም ሲሉ የሚያፍን፣ ተቀምጦ ማደርን ያስገደደ። አንድም ነገር አላስቀሩም። ስንት ዓመት የለመንኩት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ለአክስቴ ሲሆን መጣልኝ። ሲጨርሱ "ጥያቄ አለሽ?" አሉኝ። የለኝም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የለኝም ማለቴ ነው።

አክስቴ የተጠራቀመባትን ውኃ እያሸኗት፣ መድኃኒቱን እያስተካከሉላት ጥቂት ቀን ሰነበተችና ሲዋርድ ገባች። ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማ "አልሐምዱሊላህ!" እያለች አቀፈቻት። በሩን ግን ማንም አልከፈተላትም፤ ቁልፉን ከአንገቷ ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ ራሷ ከፈተችው። ደስ አለኝ። ኒው ሆፕ ተመልሼ የታችኛውን ክፍል መብራት ሳጠፋ ደግሞ ቅር አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ነርሷ ለአክስቴ ውኃ እንዳይጠራቀምባት በየጠዋቱ የምትመዘንበት ሚዛን ሰጥታታለች፤ ጨው ቀንሺ ብላታለች፤ አክስቴም ጨው የሌለውን ሽሮ በነርሷ ስም ትረግማለች። እኔ የማዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ድራይቭ ሳደርግ እደውልና እንዴት ነሽ አልላትም። "በስንት ትራስ አደርሽ?" ነው የምላት። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር ላይ ነበር መልሱ። ከዚያ አልጋ ላይ፣ በአራት ትራስ። ከዚያ በሦስት። ምስጋናዋን አልተወችም፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሦስት" ነው የምትለው። እኔም ለማንም የማልልከውን ሪፖርት በልቤ እጽፋለሁ።

አንድ ጠዋት፣ በረዶው ገና መቅለጥ ሲጀምር፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሁለት" አለችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ "አንቺስ?" አለች።

"እኔ ደህና ነኝ።"

"ደህና ነኝማ እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። እንዴት ነው የምታድሪው? እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። ያጎረሰችኝ መልስ የለም፤ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች።

"ቤቱ ጭር ይልብኛል፣ እቴቴ" አልኳት። "ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የማድረው። ቴሌቪዥኑን እንደከፈትኩ።"

"አውቄዋለሁ" አለች። አልመከረችኝም፣ አላጽናናችኝም። "በይ ቅዳሜ መጥተሽ እዚህ እደሪ" አለችኝ። "እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ ወንበሩ ባዶውን ነው የሚያድረው።"